ለባሕር ሲባል የትኛውን መያዣ እንምረጥ? ፌስታል፣ ወረቀት፣ ጥጥ፣ «በስባሽ» ወይስ ዘንቢል

ገበያ ተገብይቶ ዕቃው በምን ይያዛል የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው መልሱ ከጓዳው አልፎ ውኃው ድረስ ይዘልቃል። በአሽዶድና በናታንያ፣ በዱባይና በጅዳ፣ በጂቡቲም ጭምር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሸምቱት ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ነፋስ ከእጃቸው ወይም ከሞላ የቆሻሻ ገንዳ ላይ የነጠቀው ፌስታል ሳይውል ሳያድር ማዕበል ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። በየመደብሩ መውጫ ላይ ደግሞ አማራጩ በዝቷል፤ ስስ ፌስታል አለ፣ ወፍራም ፌስታል አለ፣ ወረቀት፣ ጥጥ፣ ጨርቅ የሚመስል ነገር ግን ጨርቅ ያልሆነ ቦርሳ፣ «በስባሽ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት አረንጓዴ ከረጢትም አለ። ይህ መመሪያ እነዚህን የሚያወዳድረው በባሕር በኩል ሆኖ ነው፤ ምክንያቱም በባሕር ሚዛን የሚወጣው ደረጃ በየጋዜጣው ከሚነበበው ደረጃ ጋር አንድ አይደለም።

የልዩነቱ ምንጭ ሁለት ጥናቶች ናቸው። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ስስ ፌስታል ለምድር ሙቀት መጨመር ከሚያበረክተው ድርሻ እንዳይበልጡ፣ የወረቀት ከረጢት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ወፍራም ፌስታል 4 ጊዜ፣ ጨርቅ መሰሉ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) ቦርሳ 11 ጊዜ፣ የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ ማገልገል እንዳለባቸው አስልቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ይበልጥ አስደናቂ ቁጥር ይዞ መጣ፤ ጥናቱ የለካቸው የአካባቢ ጉዳቶች ሁሉ ሲቆጠሩ የጥጥ ቦርሳ 7,100 ጊዜ፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና መድኃኒት ከበቀለ ጥጥ የተሠራው ደግሞ 20,000 ጊዜ መያዝ አለበት አለ። ይህን ቁጥር በዋናነት ያናረው የኦዞን ሽፋንን የሚመለከተው አንዱ መለኪያ ሲሆን፣ በአየር ንብረት ብቻ ሲሰላ ወደ 52 እና 149 ጊዜ ይወርዳል። ይሁን እንጂ በየቦታው የተናፈሰው ትልቁ ቁጥር ነበረ፤ ብዙ ሰውም «እንዲያውም ፌስታል ይሻላል» ብሎ ደመደመ።

እነዚህን ጥናቶች ማጣጣል ተገቢ አይደለም፤ የተጠየቁትን በጥንቃቄ መልሰዋል። ያልተጠየቁትና በሒሳባቸው ውስጥ ያላስገቡት ግን መያዣው ሜዳ ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ስለዚህ በባሕር በኩል ለመመዘን ሌሎች አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ግድ ይላል። መያዣው ከእጅ ወይም ከገንዳ ምን ያህል በቀላሉ ያመልጣል? ውኃ ውስጥ ሲገባ ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል፣ እስከ መቼስ ይቆያል? እንስሳት ምግብ መስሏቸው ይውጡታል? በመጨረሻም፣ አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ያስፈልገዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ተጨማሪ መያዣ ወደ ባሕር የሚያመራ አንድ ተጨማሪ ዕድል ነው።

ስስ ፌስታል

በአራቱም ጥያቄዎች የሚወድቀው እሱ ነው። የሚመዝነው ጥቂት ግራም ብቻ በመሆኑ ቀለል ያለ ነፋስ እንኳን ከገንዳ አንሥቶ ይወስደዋል። የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን ከውኃ ስለሚቀል በመጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ እየቆየ አልጌና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ሲለጠፉበት ይከብድና ይሰምጣል። የስምጠቱን ጥግ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በምዕራብ ፓሲፊክ የሚገኘውን የማሪያና ጥልቅ ገደል ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደዚያ የወረደ የጃፓን የባሕር ምርምር መሣሪያ በ10,898 ሜትር ጥልቀት ላይ የፌስታል ስብርባሪ ፎቶ አንሥቷል።

በመንሳፈፍና በመስመጥ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው። ጄሊፊሽ የሚባለውን ለስላሳና ብርሃን አሳላፊ የባሕር እንስሳ የሚበሉ የባሕር ኤሊዎች ውኃ ውስጥ የተዘረጋ ፌስታልን ከምግባቸው ለይተው እንደማያውቁ ከተነገረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ነገሩ በማየት ብቻ የማያበቃ መሆኑን አሳየ፤ ባሕር ውስጥ ሰንብቶ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች የበቀሉበት ፕላስቲክ የሚያወጣውን ሽታ ኤሊዎቹ ልክ እንደ ምግብ ሽታ ተቀብለውታል። እንግዲህ ፌስታል ባሕር ውስጥ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ወጥመድ እየሆነ ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታይላንድ ታሞ ከተገኘና በኋላም ከሞተ አንድ ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ 80 ያህል ፌስታሎች ወጥተዋል፤ ክብደታቸው 8 ኪሎ ግራም ነበር።

«ጊዜ ይፍጅ እንጂ ያልቃል» የሚለው ተስፋም አያዋጣም። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ ፍጥረታት ፌስታልን እያላመጡ ሲቆራርጡ ተከታትለው፣ አንድ ፌስታል ወደ 1.75 ሚሊዮን ጥቃቅን ቅንጣቶች ሊለወጥ እንደሚችል ገምተዋል። ከዓይን ጠፋ ማለት ከባሕር ጠፋ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለፌስታል ሊቀርብ የሚችለው አንድ እውነተኛ መከላከያ፣ ብዙ ቤተሰብ ለቆሻሻ መያዣነት ደግሞ ስለሚጠቀምበት ሁለት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው። የእንግሊዙ ጥናትም ይህን ቆጥሮታል፤ ፌስታሎች ሁሉ የቆሻሻ መያዣ ቢሆኑ የጥጥ ቦርሳው ከ131 ጊዜ ወደ 327 ጊዜ መድረስ ይኖርበታል። ቆሻሻ በሥርዓት በሚነሣበት ሰፈር ይህ መከላከያ ክብደት አለው። ገንዳው ለቀናት ሞልቶ በሚፈስበትና ውሻና ድመት በሚበረብረው ሰፈር ግን ያው ፌስታል ከነቆሻሻው ተቀዶ ጎዳና ላይ ይወጣል።

«በስባሽ» የሚለው ጽሑፍ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቅን ሸማች የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኢሞጅን ናፐርና ሪቻርድ ቶምፕሰን በመደብሮች ከሚሰጡት መካከል አምስት ዓይነት ከረጢቶችን መርጠው ከሦስት ዓመት በላይ የፈጀ ሙከራ አካሄዱ። ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ «ማይክሮፕላስቲክ» የሚለውን ቃል በዓለም ዘንድ ያስተዋወቀ ሳይንቲስት ነው። ከአምስቱ አንዱ ተራ ፌስታል፣ ሁለቱ በአየርና በብርሃን እንዲሰባበሩ ልዩ ንጥረ ነገር የተጨመረባቸው «ኦክሶ በስባሽ» የሚባሉ፣ አንዱ በስባሽ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) የሚለወጥ ተብለው የሚሸጡ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከየዓይነቱ ከፊሉን አየር ላይ ሰቀሉ፣ ከፊሉን አፈር ውስጥ ቀበሩ፣ ከፊሉን ባሕር ውስጥ አጠለቁ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። አየር ላይ የተሰቀሉት ሁሉም በ9 ወር ውስጥ ተቆራርሰዋል፤ ከእይታ ግን አልጠፉም፣ ብጥስጣሾች ሆነዋል። አፈር ውስጥና ባሕር ውስጥ ከቆዩት መካከል ግን «በስባሽ» የተባለውና «ኦክሶ በስባሽ» የተባሉት፣ ከተራው ፌስታል ጋር እኩል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ዕቃ ለመሸከም የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ናፐር ከአፈር በወጣው ከረጢት ሸቀጥ ሞልታ የያዘችበት ፎቶግራፍ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይናገራል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ኦክሶ በስባሽ ፕላስቲክን ያገደ ሲሆን እገዳው ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። በሌሎች አገሮች ገበያ ላይ ይህ ቃል ተጽፎበት የሚሸጥ ከረጢት የሚያጋጥመው ሰው፣ ቢያንስ በባሕር በኩል ሲታይ፣ ከተራ ፌስታል የሚለየው በዋጋውና በቀለሙ ብቻ እንደሆነ ይቁጠረው።

ወደ ኮምፖስት የሚለወጠው ግን የተለየ ነው። ባሕር ውስጥ የነበረው ናሙና በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አፈር ውስጥ የተቀበረው ግን ከ27 ወር በኋላም ነበረ፤ ዕቃ ሲጫንበት ብቻ ተቀደደ። ከዚህ ፈተና በመነሣት ብቻ «ለባሕር ደኅና ነው» ማለት ያስቸግራል፤ አንድ ምርት ነው የተፈተነው፣ የውኃው ሙቀትና በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። በአውሮፓ ለእነዚህ ከረጢቶች የሚሰጠው ማረጋገጫ ራሱ ባሕርን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለውን የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማምረቻ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚታየው እንደ ጣሊያን ባለ አገር ነው፤ እዚያ ተራ ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ ሸማቹ አትክልት የያዘበትን ኮምፖስት የሚሆን ከረጢት ቤት ወስዶ የምግብ ትርፍራፊ ይሰበስብበታል፣ ከነትርፍራፊው ይወሰድለታል። የምግብ ትርፍራፊ ለብቻው በማይሰበሰብበት ከተማ ግን ይኸው ከረጢት ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሄድ የተከፈለበት ጥቅም ይቀራል።

ወረቀት

አምልጦ ውኃ ውስጥ ቢገባ ከሁሉም ያነሰ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ይረጥባል፣ ይፈርሳል፣ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ ወይም በሰም መሰል ነገር ተለብጦ የሚያብለጨልጨው ግን ከዚህ አይቆጠርም። ድክመቱ ዓሣና ሥጋ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ወተት ሲይዝ መንገድ ላይ መቀደዱ ነው። ሦስትና አራት ጊዜ ሊያገለግል ከቻለ ደኅና ምርጫ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ የሚጣል ከሆነ ግን ባሕሩ ቢተርፍም ደኑና ፋብሪካው የሚፈጀው ውኃ ዋጋውን ይከፍላሉ።

ወፍራሙ ፌስታልና ጨርቅ መሰሉ

ወፍራም ፌስታል ተደጋግሞ ሊያገለግል የሚችል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሰው እንደ ስሱ ሲቆጥረው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በስስ ፌስታል ላይ 5 ፔኒ ማስከፈል ስትጀምር የስሱ ቁጥር በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከ95 በመቶ በላይ ወረደ፤ በአንጻሩ «ለዕድሜ ልክ» ተብለው የሚሸጡት ወፍራሞቹ በዓመት ከቢሊዮን በላይ መሸጥ ጀመሩ። የካሊፎርኒያ ተሞክሮም ተመሳሳይ ነው፤ ስሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታገድ ወፍራሙ ተፈቅዶ ነበርና ያው የአንድ ቀን ዕቃ ሆኖ ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሕግም ከ2026 ጀምሮ እሱም እንዲቀር ተወሰነ። ወፍራም ፌስታል አራት ጊዜ እንኳን ሳያገለግል ከተጣለ ከስሱ የሚለየው የፕላስቲኩ መጠን መብዛቱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ግን ጨርቅ መሰሉ ቦርሳ ነው። ሲዳሰስ ለስላሳ፣ ሲታይ የተሸመነ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ከፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ከፕላስቲክ ነው። ለመለየት የሚፈልግ ሰው ከጫፉ ትንሽ ክር ቆርጦ በጥንቃቄ በክብሪት ይለኩሰው፤ ጥጥ ነዶ አመድ ይሆናል፣ ይህ ግን ይኮማተርና ይቀልጣል። ከእኛ ዘንድ የሚታወቀው ማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራውም ከዚሁ ነገር ነው። ማዳበሪያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረመበት ሰው ቃጫው እንዴት በእጅ ሲነካ እንደሚፈረካከስ ያውቃል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲሆን ያ ፍርካሽ ወደ ውኃው ይገባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በፊሊፒንስ ዳቫኦ አቅራቢያ ሞቶ የተገኘው ዓሣ ነባሪ በሆዱ ይዞት ከነበረው 40 ኪሎ ግራም ፕላስቲክ ውስጥ 16 የሩዝ ከረጢቶች ተገኝተዋል። ጥንካሬ ለሸማቹ በረከት ነው፤ ከእጅ ከወጣ በኋላ ግን ያው ጥንካሬ ጉዳቱን ያራዝመዋል።

ይህን ስል ቦርሳውን አትግዙ ማለቴ አይደለም። ከባድ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፣ ገንዘብ ስለተከፈለበትም ሰው በቀላሉ አይጥለውም፤ ሁለት ቦርሳ ሦስት ዓመት ከያዙ በመቶ የሚቆጠሩ ፌስታሎችን ይተካሉ። መጠንቀቅ የሚገባው ስፌቱ ሲላቀቅና መፈረካከስ ሲጀምር ነው፤ በዚያን ጊዜ በረንዳ ላይ ሰቅሎ ማስቀመጥ ሳይሆን ቶሎ ማስወገድ ይሻላል።

ጥጥና ዘንቢል

የጥጥ ቦርሳ በባሕር ሚዛን በደንብ ያልፋል፤ ይከብዳል፣ ውኃ ሲጠጣ ይሰምጣል፣ በጊዜ ብዛትም ይበሰብሳል። ከላይ የተጠቀሱት 131 እና 7,100 የሚባሉ ቁጥሮች የሚመለከቱት አዲስ የሚገዛን ቦርሳ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ የሚወጣ ሰው አንድ ቦርሳ በ15 ወር ገደማ 131 ጊዜ ይይዛል፤ 7,100ውን ግን ዕድሜ ልኩንም ላይሞላው ይችላል። በየስብሰባውና በየበዓሉ በስጦታ የሚታደለው፣ ማስታወቂያ የታተመበት የጥጥ ቦርሳ በየቤቱ አሥርና አሥራ አምስት እየሆነ በር ኋላ ሲንጠለጠል ግን ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል። የእኔም በር ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከአንሶላ የተሰፋ ቦርሳ ከአዲሱ ይበልጣል፤ ጥጡ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏልና።

ዘንቢልን በየትኛውም የውጭ ጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አላየሁትም። ከዘንባባ ወይም ከሌላ ቅጠል የተጎነጎነ ዘንቢል ለዓመታት ያገለግላል፣ ቅርጹን ስለሚጠብቅ ቲማቲምና ሙዝ አይጨፈለቁበትም፣ ከነጭራሹ ባሕር ውስጥ ቢገባም ቅጠል ነው። በቀለማት ያጌጠው አብረቅራቂ ዘንቢል ግን ብዙ ጊዜ የሚጎነጎነው ከፕላስቲክ ጥብጣብ ስለሆነ መመደብ ያለበት ከማዳበሪያው ጎራ ነው። የዘንቢል ጉድለቱ አይታጠፍም፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱፐርማርኬት ለሚያመራ ሰው አይመችም።

የሚኖሩበት ቦታ ምርጫውን ይለውጠዋል

እስራኤል ውስጥ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ለአንድ ፌስታል 10 አጎሮት እንዲያስከፍሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በሹክ፣ አትክልት ተራው ላይ ግን ስሱ ፌስታል በነጻ ይታደላል፤ ስለዚህ የራስን ቦርሳ መያዝ ይበልጥ የሚጠቅመው በሹክ ነው። ዱባይ ከጁላይ 2022 ጀምሮ 25 ፊልስ ስታስከፍል ቆይታ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ስሱን ከልክላለች፤ አቡ ዳቢ ቀድማት በጁን 2022 አግዳለች። እዚያ የሚኖር ሰው የሚመርጠው በወፍራሙና በቦርሳው መካከል ስለሆነ፣ ሁለት ቦርሳ በመኪና ወይም በእጅ ቦርሳ ውስጥ ማኖር በየጊዜው ወፍራም ፌስታል ከመግዛት ያድናል።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ከአዲስ አበባ ወንዞች የሚገባው ፌስታል በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ የሚያመራ ሲሆን፣ የአዋሽ መጨረሻም አቤ ሐይቅ ነው፤ በዓባይ የሚወርደው ደግሞ ሜድትራንያን ከመድረሱ በፊት ብዙ ግድቦች ይጠብቁታል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ አንባቢ ከላይ ባሕር ያልኩበትን ቦታ በሐይቅ፣ በግድብና በቱቦ ይተካው፤ የመያዣዎቹ ደረጃ ብዙም አይለወጥም። ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ፌስታል የሚከለክለው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 የነበረ ቢሆንም በሥራ ላይ እምብዛም አልታየም፤ በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲስ አዋጅ ግን ክልከላውን ወደ ፕላስቲክ ከረጢት በሙሉ አስፍቶታል። በፌስታሉ ቦታ ጨርቅ መሰሉ ቦርሳ እየገባ ስለሆነ የክብሪቱ ፈተና እዚህም ይጠቅማል።

የአንድ ሰው ምርጫ ባሕር ላይ ይታያል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአንድ ሰው ብቻውን አይታይም፤ የብዙ ሰው ምርጫ በሕግ ሲታሰር ግን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በአሜሪካ ከ45,000 በላይ የባሕርና የውኃ ዳርቻ ጽዳቶችን መዝገብ መርምሮ፣ ፌስታልን በሚከለክሉ ወይም በሚያስከፍሉ ቦታዎች ከተሰበሰበው ቆሻሻ ውስጥ የፌስታል ድርሻ ደንቡ ከሌለባቸው ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር ከ25 እስከ 47 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስሱን ብቻ ከልክለው ወፍራሙን የሚፈቅዱ ደንቦች ውጤት ደካማው ነበር፤ ማስከፈል ግን በደንብ ሠርቷል።

እንግዲህ ምርጫው በተግባር እንዲህ ይሆናል። ቤት ውስጥ ማንኛውም ዓይነት ጠንካራ ቦርሳ ያለው ሰው አዲስ አይግዛ፤ ያለውን እስኪያልቅ ይያዝ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ቢሆንም። ምንም የሌለው ከአሮጌ ጨርቅ ያሰፋ፣ ካልሆነም አንድ ወይም ሁለት ጥጥ ይግዛ። ዓሣና ሥጋ ለመያዝ ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዞ መሄድ ይመረጣል፤ ባለ ሱቁ በመጀመሪያ ቢደነቅም በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል። ቦርሳውን ረስቶ መውጫው ላይ የደረሰ ሰው ወረቀት ካለ ወረቀት፣ ከሌለ አንድ ወፍራም ይውሰድና ደጋግሞ ይያዘው። ኮምፖስት የሚሆነው ከረጢት ለምግብ ትርፍራፊ የተለየ ገንዳ ላለው ሰው ብቻ ነው። «በስባሽ» ወይም «ኦክሶ» የሚለውን ማለፍ ነው።

ፍሪጅ ጀርባ ወይም መሳቢያ ውስጥ ተጠቅጥቀው የተከማቹት አሮጌ ፌስታሎችም አሉ። እነሱን በአንድ ጊዜ መጣል ጥቅም የለውም፤ በየተራ ለቆሻሻ መያዣ ማዋል ይሻላል። ወደ ገንዳ ሲገቡ ግን አፋቸው ተቋጥሮ ይሁን፤ ባዶውም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ሲጣል ነፋስ ገብቶ እንደ ሸራ አይወጥረውም፣ ከሞላ ገንዳ ላይ ተነሥቶም ወደ ባሕሩ ዳር አይበርም።